የቤት ሥራ የድኻ ዕዳ ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ከአዊ ገጠር ቀበሌዎች ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ዳንግላና ወደ እንጅባራ የሚመጡ እኅቶቻችን ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ኪራዩን ይካፈላሉ፤ ከባንጃ ድንችና ገብስ፣ ከዳንግላ ዙሪያ በቆሎና ዳጉሳ ስንቅ ይመጣላቸዋል፤ በአንድ ምጣድ ይጋግራሉ። ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያደርሳቸው መንገድ የሚጀምረው ከዚህች ክፍል ነው።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው። ከመካከላቸው አንዷ የኪራይ ድርሻዋን መክፈል ቢያቅታት፣ ሌሎቹ «አንቺ ውኃ ቅጂ፣ እንጀራ ጋግሪ፤ ኪራዩን እኛ እንሸፍናለን» ቢሏት ትክክል ነውን?

ብዙዎች «ምን ክፋት አለው? ከመለመን ሠርቶ መኖር ይሻላል» ይላሉ። ሥራ ክብር እንደ ሆነ እኛም እናምናለን። ነገር ግን ጓደኞቿ በሚያጠኑበት ሰዓት እርስዋ ዘወትር ጭስ ውስጥ ከሆነች፣ የከፈለችው ጉልበቷን ብቻ አይደለም፤ የመጣችለትን ትምህርትም ጭምር ነው። ተማሪ ሆና የገባችበት ቤት ሠራተኛ አደረጋት ማለት ነው።

በአሜሪካ ሜሪ ላየን የተባለች መምህርት እ.ኤ.አ. በ1837 የማውንት ሆልዮክን የሴቶች ትምህርት ቤት ስትከፍት፣ ክፍያው በዓመት 60 ዶላር ብቻ እንዲሆን ከረዷት ነገሮች አንዱ ተማሪዎቹ ራሳቸው የቤቱን ሥራ መሥራታቸው ነበር። ልብ በሉ፤ ሥራው ለድኾቹ ብቻ የተተወ አልነበረም። ባለጸጋዪቱም ድኻዪቱም ድርሻዋን ትሠራ ነበር።

እኅቶቻችን ፈተናውን አልፈው፣ በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል እንደ ጀመረው እንደ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ወዳለ የመንግሥት ተቋም ቢገቡ፣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በተሠራበት የወጪ መጋራት ሥርዓት ድርሻቸውን ተመርቀው ሥራ ሲይዙ ይከፍላሉ። ዕዳው ዐቅም እስኪገኝ ይጠብቃል። መንግሥት የጠበቀውን ጓደኛ እንዴት መጠበቅ ያቅተዋል?

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደምናነበው፣ በኢየሩሳሌም በአንድነት ይኖሩ በነበሩት ምእመናን መካከል እንኳ መበለቶች በዕለቱ ማዕድ ችላ በመባላቸው ማጉረምረም ተነሥቶ ነበር። ሐዋርያት ማኅበሩን አልበተኑም፤ ቅዱስ እስጢፋኖስን ጨምሮ ሰባት ሰዎች ለአገልግሎቱ እንዲሾሙ አደረጉ እንጂ። በአንድነት ለመኖር ፍቅር ብቻ አይበቃም፤ ሥርዓትም ያስፈልጋል ማለት ነው።

ስለዚህ በየክፍሉ ሥራው ለሁሉም በተራ ይሁን። ከቤት የመጣ ስንቅ እንደ ገንዘብ ይቆጠር። ገንዘብ ያጠራት እኅት ዕዳዋ በገንዘብ ይጻፍ፤ ስታገኝ ትክፈል፤ ካላገኘችም ይተውላት። እኛ ዩኒቨርሲቲ የደረስንም ከወር መዋጮአችን ጥቂት ለይተን የጎደለውን ኪራይ እንሙላ። በጋራ ቤት ውስጥ ድኽነት የውኃ እንስራ ሆኖ በአንዲት ጀርባ ላይ ብቻ ሊጫን አይገባም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።