የልጃችንን ትምህርት ቤት ስንመርጥ አማናውን አንርሳ

 

ክረምቱ ገብቶ የ8ኛ ክፍል ውጤት ተነገረ ማለት በየሙስሊሙ ቤት አንድ ጥያቄ ተነሣ ማለት ነው፤ «ልጁን 9ኛ ክፍል የት እናስገባው?» ይህ ጥያቄ ከጁሙዓ በኋላ በመስጊድ በር ላይ ይነሣል፤ በመርካቶ ሱቆች ይነሣል፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ሳይቀር ይነሣል። የጋዜጣ ሰው በመሆኔ ወሬ ሁሉ ከእኔ ዘንድ ያለ ይመስላቸውና «እስቲ አንተ ታውቃለህ፣ ከግል ትምህርት ቤቶች የትኛው ይሻላል?» የሚሉኝ ወንድሞችና እህቶች ብዙ ናቸው። እኔም መልሼ «ለማን?» እላቸዋለሁ። አንዳንዶቹ መልስ ላለመስጠት የሸሸሁ ይመስላቸዋል። ዛሬ የምጽፈው ግን ያችኑ አንዲት ቃል ለማብራራት ነው።

ልጅ በእጃችን ያለ አማና ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ተሕሪም ምእመናን ራሳቸውንም ቤተሰቦቻቸውንም ከእሳት እንዲጠብቁ አዟል። ነብያችንም (ሰ.ዐ.ወ) እያንዳንዳችን እረኞች መሆናችንንና ስለምንጠብቀው ሁሉ እንደምንጠየቅ አስተምረውናል። ይህን በኹጥባ ላይ ደጋግመን ሰምተነዋል። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ትእዛዙን ለመድረሳ ብቻ የተነገረ አድርገን እናየዋለን። ልጁ ቅዳሜና እሑድ ቁርአን ከቀራ ግዴታችንን የተወጣን ይመስለናል። ልጁ ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ድረስ በሌላ ግቢ ውስጥ ይውላል። የሚሰማውም የሚያየውም እዚያ ነው።

ከሁሉ በላይ ዕድሜውን እናስተውል። የአንደኛ ደረጃ ልጅ ገና ሕፃን ነው፤ ሶላት እንለማመድለታለን፣ ፆም እናስጀምረዋለን፣ ቢያጠፋ ግን ኃጢአት አይጻፍበትም። 9ኛ ክፍል የሚገባው ወጣት ወይ ለአቅመ አዳም ደርሷል ወይም ደፉ ላይ ቆሟል። ልጅቷም እንዲሁ። ሶላቱ ግዴታ ሆኖበታል፤ መላእክት ሥራውን መመዝገብ ጀምረዋል። እንግዲህ ለልጃችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስንመርጥ፣ በራሱ ስም የሚጠየቅባቸውን የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት የት እንደሚያሳልፋቸው እየወሰንን ነው። ታዲያ ይህን ውሳኔ በጎረቤት ወሬና በዩኒፎርም ውበት መወሰን ይገባናል?

የዱንያውም ጉዳይ ቢሆን ቀላል አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጓጉዘው መፈተን ከጀመሩ ወዲህ የታየውን እናስታውስ። ከ2014 ዓ.ም ተፈታኞች 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ማሳለፍ ተስኗቸው ነበር። በእነዚህ ዓመታት ካርዳቸው በዘጠናዎች የተሞላ ልጆች ፈተናው ላይ ሲወድቁ ወላጆች «ይህ ሁሉ ውጤት የት ገባ?» ብለው ሲያለቅሱ ሰምተናል። ካርድ ላይ የሚጻፍ ቁጥር ዕውቀት አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስተምረን የለም።

አሁን ወደ «ለማን?» ልመለስ። ዘይድ ኢብን ሳቢት (ረ.ዐ) ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር። በድር ዘመቻ ሲደርስ እንደ ትልልቆቹ ሊዘምት ቢመኝም ዕድሜው ስላልደረሰ ተመለሰ። ይህ ልጅ ግን ሌላ ስጦታ ነበረው፤ የሰማውን ይይዛል፣ ብዕር ይቀናዋል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይህን አይተው የአይሁድን ጽሕፈት እንዲማር አዘዙት፤ በግማሽ ወር ገደማ እንደቻለውም ተዘግቧል። ከወሕይ ጸሐፊዎች አንዱ ሆነ። በአቡበክር (ረ.ዐ) ዘመን ቁርአንን አንድ ላይ የመሰብሰብ ከባድ ኃላፊነት የተጣለው በዚያው ወጣት ላይ ነበር። ልብ በሉ! ማንም ዘይድን ኻሊድ ኢብኑል ወሊድን ካልሆንክ አላለውም። ያለው ታየ፤ ያለውም እንዲያድግ ተደረገ።

እኛስ? አንዱ አባት ልጁ ገና 8ኛ ክፍል ሳለ «ዶክተር ነው የሚሆነው» ብሎ ይወስንና በፈተና ውጤት ስሙ ወደ ገነነ ትምህርት ቤት ይወስደዋል። ልጁ ግን የሚወደው ታሪክና ቋንቋ ነው። 11ኛ ክፍል ሲደርስ የተፈጥሮና የማኅበራዊ ሳይንስ መለያያ ይመጣል፤ ትምህርት ቤቱም ለማኅበራዊ ሳይንስ እዚህ ግባ የሚባል መምህር የለውም። ሌላው ልጅ ዝምተኛ ነው፤ ስልሳ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ስሙ ሳይጠራ ያልፋል። ሦስተኛው ደግሞ ጓደኛ የሚያዘነብለው ነው፤ ለእሱ ከላቦራቶሪው ይልቅ የግቢው ሥነ ሥርዓት ይበልጥበታል። ሦስቱንም «ጥሩ» ወደሚባል አንድ ትምህርት ቤት ብናስገባቸው ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ሕመም ይሆንበታል።

ባለፈው ክረምት ለእህቴ ልጅ ትምህርት ቤት ለማየት ከእህቴ ጋር ዞረን ነበር። የአንደኛው ቢሮ ምንጣፍና የዋንጫ መደርደሪያ ያለው ነው። ቤተ መጻሕፍቱን እንይ ስንል ግን ቁልፉን የያዘው ሰው የለም ተባልን፤ በሌላ ቀን ሄድን፣ ያኔም አልነበረም። ሁለተኛው በሙስሊም ወንድሞች የተከፈተ ነው። የመስገጃ ቦታው ንጹሕ፣ የውዱእ ውሃው የተዘጋጀ፣ ሰላምታው የሚያስደስት ነው፤ አላህ ምንዳቸውን ይክፈላቸው። የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ መምህር ማን እንደሆነ ስንጠይቅ ግን ከመጋቢት ጀምሮ መምህር እንዳልነበረ ተነገረን። ሦስተኛው ተራ ሕንፃ ነው። ርእሰ መምህሩ ሙስሊም አይደሉም። ከክፍያው በፊት «ልጅቷ ምን ትወዳለች?» ብለው ጠየቁ። ሻሽ ከዩኒፎርሙ ቀለም ጋር እንዲመሳሰል ብቻ እንደሚፈልጉ፣ በምሳ ሰዓት ለመስገድ የሚፈልጉ ተማሪዎች ባዶ ክፍል እንደሚጠቀሙ ነገሩን። ችግሩ ሩቅ ነው፤ ሁለት ታክሲ ይጠይቃል። ልጅቷ ራሷ «እሱን እፈልጋለሁ» አለች፤ እዚያው ገባች። መንገዱ ዛሬም ያደክማታል።

ይህን የምጽፈው ኢስላማዊ ስም ያላቸውን ትምህርት ቤቶች ለማሳጣት አይደለም። በደጃፍ ላይ የተጻፈ ስም የወላጅን ጥያቄ አያስቀርም ለማለት ነው። ከበድር ምርኮኞች መካከል መጻፍ የሚችሉት አሥር አሥር የሙስሊም ልጆችን አስተምረው ነፃ እንዲወጡ መደረጉ በሲራ ይተረካል። መምህራኑ ሙስሊሞች አልነበሩም፤ ዕውቀታቸው ግን ተወስዷል። የልጆቹ አስተዳደግ ግን በአባቶቻቸው እጅ ነበር። አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለእኛም ይሠራል። ፊዚክስ የማያስተምር ትምህርት ቤት ሙስሊም በመሆኑ ብቻ ኡማውን አይጠቅምም፤ ይህን ለባለቤቶቹ በወንድማዊ ምክር መንገርም ግዴታችን ነው።

እንግዲህ ወላጅ ሆይ! ከመመዝገብህ በፊት በሥራ ቀን፣ በተለይ በዕረፍት ሰዓት ሂድ። ተማሪዎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን ቋንቋ አድምጥ፤ ስድብ ነው ወይስ ጨዋታ? በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ እንዳለ ጠይቅ። መምህራን በዓመቱ አጋማሽ ይለቃሉ ወይ? ላቦራቶሪው ይሠራል ወይስ ለጎብኚ የሚከፈት ነው? ስለ 12ኛ ክፍል ውጤት ሲነግሩህ የአንድ ዓመት አትቀበል፤ የሦስት ዓመት ጠይቅ። «9ኛ ክፍል ከጀመሩት ስንቱ 12ኛ ደረሱ?» ብለህም ጨምር። ደካማ ልጆችን በየዓመቱ እያስወጣ ጎበዞቹን ብቻ ለፈተና የሚያቀርብ ትምህርት ቤት ውጤቱ ማማሩ አይቀርም፤ የአንተ ልጅ ከሚወጡት አንዱ ቢሆንስ?

ስለ ሶላትም ሳታፍር ጠይቅ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ብዙ ስለማትርቅ የሶላት ሰዓት በዓመቱ ውስጥ ብዙም አይዋዥቅም። ዙህር በስድስት ሰዓት ከሩብና በስድስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይገባል፤ አብዛኛውን ጊዜ የምሳ ዕረፍት ላይ ይውላል ማለት ነው። አስር የሚገባው ልጆች ሲለቀቁ አካባቢ ነው። ስለዚህ ልጃችን የሚያስፈልገው አሥር ደቂቃ፣ ጥቂት ውሃና አንድ ጥግ ነው። ለጁሙዓ ግን የዓርብ የምሳ ሰዓት ይበቃ እንደሆነ አስቀድሞ መነጋገር ያሻል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ እንዲሆን ተደንግጓል፤ አንቀጽ 27 ደግሞ ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው መሠረት የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይናገራል። ትምህርት ቤቱ ቁርአን እንዲያቀራልን አንጠይቅም። ልጃችን ከጌታው ጋር እንዳይለያይ ግን እንጠይቃለን።

የሴት ልጆቻችን ጉዳይ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። በ2017 ዓ.ም በአክሱም ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ሙስሊም ሴት ተማሪዎች በሒጃባቸው ምክንያት ከትምህርት ገበታ ተከልክለው ጉዳያቸው ፍርድ ቤት መድረሱን እናስታውሳለን። ስለዚህ የአለባበስ ደንቡን ክፍያ ከመክፈላችን በፊት በጽሑፍ እንየው። «ችግር የለም» የሚል የቃል ተስፋ መስከረም ላይ በር ጠባቂው ዘንድ ሲደርስ ይረሳል፤ የምትሸማቀቀውም ልጅቷ ናት።

የገንዘቡን ነገር አንርሳ። ወርኃዊው ክፍያ ብቻውን አይመጣም፤ ምዝገባው፣ መጽሐፉ፣ ዩኒፎርሙ፣ ሰርቪሱ ይከተሉታል፤ በየጊዜው ጭማሪም አለ። እንግዲህ አቅማችንን በአራት ዓመት እናስላው። ለስም ብሎ ወለድ ውስጥ የገባ አባት ልጁን በሐራም እያስተማረ መሆኑን ይወቅ። ስንት እህቶቻችን በሪያድ፣ በዱባይ፣ በቤይሩት በሰው ቤት ላባቸውን አፍስሰው የልጆቻቸውን ክፍያ ይልካሉ! ያ ገንዘብ በእጁ የገባ አጎት ወይም አያት የያዘው ድርብ አማና ነው፤ ልጁንም ገንዘቡንም ይጠየቅበታል።

ፍትሕም አለ። በሽር የተባሉ ሰሓባ ለልጃቸው ለኑዕማን ብቻ ስጦታ ሰጥተው ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንዲመሰክሩላቸው ሲጠይቁ፣ ለሌሎቹም ልጆች እንዲሁ መስጠታቸውን ጠየቋቸው፤ አለመስጠታቸውን ሲሰሙ ለመመስከር እምቢ አሉ። ወንዱን በግል ትምህርት ቤት እያስተማርን እህቱን «ለእሷ የቀበሌው ይበቃታል» የምንል ወገኖች ይህን ሐዲስ ደጋግመን እናስበው። ለልጆች እንደየሁኔታቸው የተለያየ ትምህርት ቤት መምረጥ ይቻላል። ሴት ስለሆነች ብቻ ማሳነስ ግን በደል ነው።

በመጨረሻም ልጁን እናማክረው። የሉቅማን ምክር በቁርአን ውስጥ የሰፈረው አባት ልጁን አስቀምጦ በፍቅር ሲያነጋግረው ነው። አሥራ አራት ዓመት የሞላው ልጅ የሚወደውንም የሚፈራውንም ያውቃል። ከቤተሰብ ጋር ተመካክረን፣ የሚያውቁ መምህራንን ጠይቀን፣ ሁለት ረከዓ የኢስቲኻራ ሶላት ሰግደን እንወስን። ከወሰንን በኋላም ሥራው አላበቃም። ክፍያ ከፍሎ እስከ ሰኔ የማይመለስ አባት እረኛ አይባልም። በየወሩ አንድ ቀን ብቅ ማለት፣ ማታ ደብተር ማየት፣ «ዛሬ ዙህር የት ሰገድክ?» ብሎ በለሆሳስ መጠየቅ የትኛውም ውድ ትምህርት ቤት የማይሠራልን ሥራ ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ! «የትኛው ይሻላል?» ከማለታችን በፊት ልጃችንን ፊት ለፊት አስቀምጠን እንየው። አላህ ልጆቻችንን በዲናቸው የጸኑ፣ በዕውቀታቸው ሀገርና ወገን የሚጠቅሙ ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።