ስለ ታላቂቱ ሰማያዊ ቢራቢሮ

በእንግሊዝ አገር ኮረብታዎች ላይ የምትኖረውን፣ በሰማያዊ ክንፏ ጥቋቁር ነጠብጣብ ያለባትን የታላቂቱን ሰማያዊ ቢራቢሮ ነገር ባነበብሁ ጊዜ ኅሊናዬ ታወከ። እናቲቱ እንቁላሏን በዱር ጦስኝ እንቡጥ ላይ ትጥላለች፤ ከእርሱ የወጣው አባጨጓሬ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ያህል አበባውን ከበላ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ ወደ መሬት ወርዶ ጣፋጭ ፈሳሽ እያመነጨ ይጠብቃል። ቀይ ጉንዳን ያገኘዋል፤ ጠረኑም የወገኑን ልጅ ጠረን ስለሚመስለው ተሸክሞ ወደ ጎሬው ያገባዋል። በዚያም እንግዳው ዐሥር ወር ያህል የአሳዳጊዎቹን እጮች እየበላ ይወፍራል፤ የንግሥቲቱን ድምፅ የሚመስል ድምፅም ስለሚያሰማ ጉንዳኖቹ ያከብሩታል።

ይህ ግፍ አይደለምን? ስለ በጎነት ክፋትን የሚመልስ ፍጡር ስለ ምን ተፈጠረ? ብዬ ጠየቅሁ። ቆይቼ ስመረምረው ግን ክሴ አልጸናም፤ ኃጢአት ያለ ዕውቀትና ያለ ፈቃድ አይገኝምና፣ ሕግ ያልተሰጠው ትል ሕግ አፍራሽ ሊባል አይችልም። ግፍ የሚለውን ስም ያመጣሁት ከራሴ ልብ እንጂ ከጎሬው አይደለም።

እኔ አባጨጓሬውን እንደ ከሰስሁት፣ ቢራቢሮዋ በመነመነች ጊዜ ወዳጆቿ ጥፋቱን በቢራቢሮ ሰብሳቢዎች ላይ አደረጉ፤ ስፍራዋንም አጠሩ። አጥሩ ግን ከሰብሳቢው ጋር የሚግጠውን ከብት ከለከለ። ጄረሚ ቶማስ የተባለው ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1972 ጀምሮ ሲቆጥርና ሲለካ ቆይቶ ምክንያቱን ከሣሩ ሥር አገኘው፤ አባጨጓሬው በሚገባ የሚያድግባቸው ሚርሚካ ሳቡሌቲ የሚባሉት ጉንዳኖች ሙቀት ወዳዶች ናቸውና፣ ሣሩ ከ3 ሳንቲ ሜትር ብዙ ሲረዝም መሬቱ ይቀዘቅዝባቸዋል፤ ስፍራቸውንም ለሌላ ወገን ይለቃሉ። ሣሩን ይነጩ የነበሩት ጥንቸሎችም አስቀድሞ በ1950ዎቹ በወረርሽኝ አልቀው ነበር።

ያጠሩትን ሰዎች እወቅሳቸው ዘንድ አልደፍርም፤ በዓይን የሚታይ ሌባ ከሣር ቁመት ይልቅ ለክስ ይቀላልና፣ እኔም በስፍራቸው ብሆን ያንኑ ባደረግሁ ነበር። ሆኖም መውደዳቸው እውነት ሆኖ ሳለ ፍርዳቸው ስሕተት ነበር። ዕውቀቱም ዘግይቶ ስለ ደረሰ በ1979 ከብሪታንያ መጥፋቷ ታወጀ።

ከ1983 ጀምሮ ግን ከስዊድን የመጡ ዘሮቿ ሣሩ አጭር ሆኖ በሚጠበቅበት ስፍራ ተለቀቁ። ዛሬ በሶመርሴት ኮረብታዎች ላይ ከብቶች ሣሩን ይግጣሉ፤ ሰኔም ሲደርስ ታላቂቱ ሰማያዊ ከጉንዳኑ ጎሬ ወጥታ ክንፏን ትዘረጋለች።