ዋስ የሌለው መዋጮ

ባሕርን የሚያሳይ ሰሌዳ፣ በላዩም መርከብን የሚወክሉ ትንንሽ ክብ እንጨቶች አሉ። ተጫዋቹ ጣቱን ወጥሮ አንዷን ያስፈነጥራል። መርከቢቱ ተንሸራታ የባላጋራዋን መርከብ ገጭታ ከሰሌዳው ታስወጣለች፤ ዒላማዋን ከሳተች ደግሞ ራሷ ከዳር ትወድቃለች። እንዲህ ያለ ጨዋታ ሙሉ በሙሉ ዕቃው ላይ ይንጠለጠላል። የሰሌዳው ልስላሴ፣ የክቧ ክብደት፣ የጠርዟ አቆራረጥ ጥቂት ከተዛባ ደስታው ይጠፋል። የሰሌዳው ካርቶን በርጥበት ትንሽ ከጎበጠ መርከቢቱ ወደታለመችበት አትሄድም። ይህን ደግሞ ዕቃውን በእጅ ካልነኩት በቀር በፎቶ አይተው አያውቁትም።

ሆኖም ብዙ የሰሌዳ ጨዋታዎች ዛሬ ገንዘብ የሚሰበሰብላቸው ገና ሳይመረቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው ኪክስታርተር ለዚህ ትልቁን በር ከፍቷል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ፈጣሪው የሚያስፈልገውን ገንዘብና የጊዜ ገደብ ያስታውቃል፣ ሕዝቡ ያዋጣል፣ የተባለው መጠን ካልሞላ ከማንም ላይ ገንዘብ አይወሰድም። ለቅርጽ ማውጫና ለፋብሪካ የሚከፍለው ለሌለው ባለሙያ ይህ እውነተኛ ዕድል ነው። ግን ገንዘቡ ከሞላና ከተላለፈ በኋላ የሚሆነውን በደንብ ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2012 የሆነው አንድ ታሪክ ጥሩ አስተማሪ ነው።

አትላንቲክ ሲቲ በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት በውቅያኖስ ዳር ያለች ከተማ ናት። የታዋቂው ሞኖፖሊ ጨዋታ መንገዶች ስማቸውን ያገኙት ከእሷ ነው። ኪት ቤከርና ሊ ሞየር የተባሉ ሁለት ሰዎች ያንን ጨዋታ ገልብጠው የሚያይ አዲስ ሐሳብ አመጡ፤ ተጫዋቾች ቤት በመግዛት ፈንታ አስፈሪ ጥንታዊ አማልክት ሆነው ከተማዋን ያፈርሷታል። ስሙንም «ወደ አትላንቲክ ሲቲ የመጣው ጥፋት» አሉት። የመዋጮ ዘመቻውን ግን ያካሄደው ሌላ ሰው ነበር፤ «ዘ ፎርኪንግ ፓዝ» በተባለ ድርጅቱ ስም።

የተጠየቀው 35,000 ዶላር ነበር፤ የተሰበሰበው 122,874 ዶላር ሆነ። 1,246 ሰዎች አዋጡ። አብዛኞቹ 75 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጡት ከጨዋታው ጋር ይመጣሉ የተባሉትን ከቅይጥ ብረት የተቀረጹ ትንንሽ ምስሎች ተስፋ አድርገው ነው። ከተጠየቀው ከሦስት እጥፍ በላይ ሲገባ ሥራው ያለቀለት ይመስላል። ገንዘቡ መብዛቱ ግን ስለሥራ አመራሩ ምንም አያረጋግጥም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ወሬ ሁሉ ሥራው እየተራመደ እንደሆነ የሚገልጽ ነበር። አሥራ አራት ወራት አለፉ። በሐምሌ 2013 ፕሮጀክቱ መሰረዙ ተነገረ፤ ገንዘባችሁ ይመለሳል ተባለ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በኋላ ዘመቻውን ባካሄደው ሰው ላይ ባቀረበው ክስ እንዳለው ግን የገንዘቡ ብዙው ክፍል ለቤት ኪራይ፣ ወደ ኦሪገን ግዛት ለመዛወር፣ ለግል ዕቃና ለሌላ ፕሮጀክት ፈቃድ ውሎ ነበር።

ላዋጡት ሰዎች የደረሰላቸው ሕግ ሳይሆን ሌላ አሳታሚ ነው። ክሪፕቶዞይክ የተባለ ኩባንያ ጨዋታውን አሳትሞ ለአዋጪዎቹ በራሱ ወጪ ለመስጠት ወሰነ። የብረት ምስሎቹ ግን በዚያ ውስጥ አልነበሩም። በሰኔ 2015 ኮሚሽኑ ክሱን በስምምነት ዘጋ። በሕዝብ መዋጮ ጉዳይ ያቀረበው የመጀመሪያው ክስም ይህ ነው። ከ111,000 ዶላር በላይ እንዲከፈል ቢወሰንም ተከሳሹ የመክፈል አቅም ስለሌለው ክፍያው ታገደ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ ውሳኔው ለወደፊቱ መከልከያ ሆነ እንጂ የወጣውን ገንዘብ አልመለሰም።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? እኛ እቁብ የምናውቅ ሰዎች መልሱ ሩቅ አይሆንብንም። እቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን የሚወስደው ዋስ ጠርቶ ነው። ምክንያቱም ገንዘቡን አስቀድሞ የወሰደ ሰው እስከ መጨረሻው እንዲጥል ማስገደጃ ያስፈልጋል። የኢንተርኔት መዋጮ ዕጣውን አስቀድሞ ለአንድ ሰው ይሰጣል፤ ዋሱን ግን አይጠራም። ኪክስታርተር ራሱም በመስከረም 2012 ሱቅ እንዳልሆነ በግልጽ አስታውቋል። ስለዚህ ዋሱን መፈለግ የአዋጪው ሥራ ነው።

ዋስ የሚሆነው ምንድን ነው? አንደኛ፣ ሰውየው ቀድሞ ጀምሮ የጨረሰው ሥራ። ሁለተኛ፣ ናሙናው በሌሎች ሰዎች እጅ መግባቱ። ለማስፈንጠሪያ ጨዋታ ይህ ከሁሉ ይበልጣል፤ ያልተቆራረጠ የጨዋታ ቪዲዮ ይጠየቅ፣ ሰሌዳው ከምን እንደተሠራና ምን ያህል ውፍረት እንዳለው ይነገር። ሦስተኛ፣ የማምረቻው፣ የማጓጓዣውና የቀረጡ ወጪ ተዘርዝሮ መታየቱ። አራተኛ፣ ከዘመቻው በኋላ የሚላከው መልእክት የፋብሪካውን ሥራ በፎቶ የሚያሳይ መሆኑ፤ «እየሄድን ነው» የሚል ቃል ብቻ ወራት ከተደጋገመ ጥያቄ ማንሳት ተገቢ ነው።

ለፈጣሪውም ትምህርት አለው። የመዋጮ ገንዘብ በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ከራስ ኑሮ ጋር አይቀላቀል። ሥራው ሲሰናከል በጊዜ ይነገር፤ ሰው መዘግየትን ይታገሣል፣ መታለልን ግን አይረሳም። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ለሕክምና፣ ለለቅሶና ለመጽሐፍ ማሳተሚያ በኢንተርኔት ያዋጣሉ፤ ይህ ልማድ እንዳይሞት የሚጠብቀው እያንዳንዱ ሰብሳቢ የሚሰጠው ጥርት ያለ ሒሳብ ነው።

በጣት የሚጫወቱት የባሕር ጨዋታ መልካም ነገር ነው፤ የሚሠራውም ሰው ድጋፍ ይገባዋል። ድጋፉን ስንሰጥ ግን ሥዕሉ ስለማረከን ብቻ አይሁን፤ ሠሪው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደጨረሰና ገንዘቡን በምን ላይ እንደሚያውል ጠይቀንና መልሱን አግኝተን እንስጥ።