ወሰን የማይታይባት ምድር

በዚህ እትም የምናነሣው ጥያቄ ከወጣቶች ውይይታችን የወጣ ነው። ለመሆኑ ሰው ምድርን ከሰማይ ሆኖ ቢያያት ባልንጀራውን አብልጦ ይወዳልን?

ታኅሣሥ 15 ቀን 1961 ዓ.ም. በአፖሎ 8 ጨረቃን ይዞሩ ከነበሩት ሦስት ጠፈርተኞች አንዱ፣ ዊልያም አንደርስ፣ ምድር ከጨረቃ አድማስ በላይ ብቅ ስትል ፎቶግራፍ አነሣት። በዚያው በረራ ሦስቱም ከኦሪት ዘፍጥረት መጀመሪያ እየተቀባበሉ ለዓለም አነበቡ። ኅዳር 28 ቀን 1965 ዓ.ም. ደግሞ የአፖሎ 17 ተጓዦች ምድርን ሙሉ ክብ ሆና አነሷት። በዚህች ሥዕል ላይ ሰፊውን ቦታ የያዘችው አፍሪካ ናት፤ ቀይ ባሕርና የአፍሪካ ቀንድ ጥርት ብለው ይታያሉ። እንግዲህ ጅማም፣ አጋሮም፣ ሊሙም አሉባት ማለት ነው። ይህን ስንሰማ ብዙዎቻችን ደስ አለን።

በሥዕሏ ላይ ወሰን የለም፣ ዘር የለም፣ ስለዚህ ያያት ሁሉ የሰው ልጅ አንድ ቤተሰብ መሆኑን ይረዳል ይባላል። እኛ በግማሹ እንስማማለን። በግማሹ ግን አንስማማም፤ ምክንያቱም በዚያው በ1965 ዓ.ም. ወሎ በረሀብ ላይ ነበረች። ወሎም በሥዕሏ ውስጥ አለች፤ የተራበው ሰው ግን አይታይም። መንግሥትም ነገሩን ሸሸገው። ለዓለም የገለጠው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የታየው የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ነበር፤ ያ ካሜራ ደግሞ ከተራቡት ፊት ቆሞ በምድር ላይ ያነሣ ነው።

በ1977 ዓ.ም. ረሀብም ማወቅ አልጎደለም። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ገና በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ለለጋሾች ጥሪ አቅርቦ ነበር፤ ዓለም ግን ዘገየ። በኢያሪኮ መንገድ የወደቀውን ሰው ካህኑም ሌዋዊውም አይተውት እንዳለፉ እናስታውስ። ኋላ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. መሐመድ አሚን በኮረም የቀረጸውና ማይክል በርክ የተናገረበት ዜና በቢቢሲ ታየ፤ በሳተላይትም ከአገር አገር ተላለፈ። ሐምሌ 6 ቀን በለንደንና በፊላደልፊያ የተደረገው የላይቭ ኤይድ ዝግጅትም እንዲሁ በሳተላይት ከመቶ በላይ አገሮች ደረሰ። እዚህ ላይ ሳተላይቱ ያገለገለው መልእክተኛ ሆኖ ነው።

ከዚያ ዘመን ሁሉ የሚያስደንቀን ግን የአየር እርዳታው ነው። በቀዝቃዛው ጦርነት ጎራ ለይተው ይጠባበቁ የነበሩ መንግሥታት አውሮፕላኖች በአንድ ሰማይ ላይ እህል አመላለሱ። እንግሊዞችና ምዕራብ ጀርመኖች ከአውሮፕላን እህል ሲጥሉ የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች የመጣያውን ቦታ በማዘጋጀት ይረዷቸው ነበር፤ የሶቪየት አውሮፕላኖችም ነበሩ። በአገራቸው ቢሆን እነዚህ አብራሪዎች የሚገናኙት በጦር ሜዳ ነበር!

ነገሩ ወደ እኛ ቤት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዓለም በቴሌቪዥን ካለቀሰላቸው መካከል ብዙዎቹ በሠፈራ ፕሮግራም ወደ ከፋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ወለጋ ተወሰዱ። ሳይወድዱ የመጡ፣ ከቤተሰባቸውም የተለያዩ ነበሩ። ከሩቅ የታዘነለት ሰው የቅርብ ጎረቤት ሲሆን ስሙ «ሠፋሪ» ተባለ፤ በልጁም ላይ ይህ ስም ሲጠራ ሰምተናል። ከጨረቃ በተነሣችው ሥዕል ላይ ለዚህ ቃል ቦታ የለም። በገበያችን ግን አለ። ስለ ሩቁ ማልቀስ ከቅርቡ ጋር ውኃ ከመቅዳት ይቀላል መሰለን።

ይህን ስንል ከሰማይ የሚያየውን ዓይን ለማቃለል አይደለም። ከ1977ቱ እልቂት በኋላ በአሜሪካ መንግሥት እርዳታ የተቋቋመው የረሀብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራ ሳተላይት የሚያነሣውን የዕፅዋት ልምላሜ እየመረመረ የት ድርቅ እንደሚመጣ አስቀድሞ ይናገራል። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰው እርዳታ ሲያስፈልገው እንደ ቀድሞው ያለ እልቂት አልደረሰም፤ አስቀድሞ መታወቁና መነገሩ ረድቷል። አገራችንም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሳተላይቷን ከቻይና አስወነጨፈች፤ የታሰበችውም እርሻን፣ ደንንና የአየር ጠባይን ለመከታተል ነበር።

አንድ የአጋሮ ልጅ ግን በውይይታችን ላይ ጥሩ ነገር አነሣ። የእኛ ቡና የሚበቅለው ከዋንዛና ከብርብራ ጥላ ሥር ነው። ከላይ የሚያይ የጥላውን ዛፍ ቅጠል እንጂ ቡናውን በቀላሉ አያገኘውም። በለቀማ ወራት ከሩቅ አገር መጥቶ ቅርጫት ያነገበውን ለቃሚማ ጭራሽ አያየውም። እርሱን ለማየት ጎንበስ ብሎ ከዛፉ ሥር መግባት ያስፈልጋል።

ሌላዋ እኅታችን በዚህ አልተስማማችም። ከሥር ያለው ሰው የጎረቤቱን ማሳ ብቻ ያያል፤ ድርቁ ከየት እየመጣ እንደሆነ አያውቅምና ሁለቱም ዓይን ያስፈልጋል አለች። ክርክሩ እስኪመሽ ቆየ። በመጪው እሑድ በዚያው እንቀጥላለን፤ የለቃሚዎቹን ማደሪያ አይተው የሚመጡ አራት ልጆችም ተመርጠዋል።