ሳይኮሎጂ ለደረሳችሁ

«ሳይኮሎጂ ደረሰኝ» ትላላችሁ። መረጥኩ አይደለም፤ ደረሰኝ። የፍሬሽማን ውጤታችሁ ተደምሮ፣ የዲፓርትመንት ምርጫችሁ ከላይ ወደ ታች ተነብቦ፣ ስማችሁ ካላሰባችሁት ዝርዝር ላይ ሲወጣ ዶርም ገብታችሁ ያለቀሳችሁ አላችሁ። ወዳችሁ የመጣችሁም አላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ቤታችሁ ውስጥ የታመመ ሰው ስላለ፣ አንዳንዶቻችሁ የገዛ ልባችሁ ስላስቸገራችሁ። ልጆቼ፣ እኔ ይህን ትምህርት ተምሬ፣ አስተምሬ፣ ሰዎችንም እያማከርኩ ሸብቻለሁ። በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ።

ለእረፍት ቤት ስትገቡ የምትማሩትን የሚጠይቅ አንድ አጎት አይጠፋም። መልሳችሁን ሰምቶ፣ «እስቲ አሁን ምን እያሰብኩ ነው?» ይላችኋል። አትቀየሙት። የሰው ልብ ማንበብ ግን እዚህ አይሰጥም። የምትማሩት ስለ ሰው የገመታችሁትን፣ እርግጠኛ የሆናችሁበትን ጭምር፣ ሳታጣሩ እንዳታምኑ ነው። ዓመታቱ ሁሉ የሚሄዱት ለዚህ ነው።

ይህን ከሁሉ አብልጦ የሚያስተምረው ደግሞ ብዙዎቻችሁ የምትሸሹት ኮርስ፣ ስታቲስቲክስ ነው። ከሒሳብ ያመለጣችሁ መስሏችሁ ሳላችሁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል። አሳይመንቱን ከጓደኛ ገልብጣችሁ፣ «ሲ» ይዛችሁ ለማለፍ ታስባላችሁ። እለምናችኋለሁ፣ አታድርጉት።

ሁላችሁም የምታውቁትን ነገር ላንሳ። አንድ አባት ልጁ በፈተና ከወትሮው በጣም ዝቅ ሲል ይገርፈዋል፤ በቀጣዩ ፈተና ልጁ ሻል ይላል። ሌላ ጊዜ ልጁ ከወትሮው በጣም ከፍ ሲል ያመሰግነዋል፤ በቀጣዩ ዝቅ ይላል። አባትየው ዱላ ያሻሽላል፣ ምስጋና ያበላሻል ብሎ ይደመድማል። በዓይኑ አይቷል፤ ማን ይከራከረዋል? ነገር ግን እጅግ ዝቅ ያለ ውጤት፣ እጅግ ከፍ ያለውም፣ በከፊል የዕለቱ ዕድል ያመጣው ነው፦ የራስ ምታት፣ ያልተነበበ ምዕራፍ፣ በግምት የተመታ ጥያቄ። ያ አጋጣሚ በቀጣዩ ፈተና እንደዚያው ስለማይደገም ልጁ ወደ ወትሮው ይጠጋል፤ ቢገረፍም ባይገረፍም፣ ቢመሰገንም ባይመሰገንም። ይህ ወደ አማካይ መመለስ ይባላል። ኋላ በ2002 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው የሥነ ልቦና ሰው ዳንኤል ካነማን ይህን የተረዳው የእስራኤል አየር ኃይል የበረራ አሰልጣኞችን ሲያስተምር ነበር። አንድ አንጋፋ አሰልጣኝ ተነስቶ፣ ሰልጣኝ ሳመሰግን ቀጥሎ ይበላሻል፣ ስጮህበት ግን ይሻሻላል ብሎ ሞገተው። ለካነማንም የአሰልጣኙ ዓይን ያየው እውነት፣ የደመደመው ግን ስህተት መሆኑ ያኔ በራለት። በአገራችን ስንት ልጅ በዚህ የስሌት ስህተት ተገርፎ እንዳደገ ሳስብ ዛሬም ያመኛል። ቀመሩ አስጠልቷችሁ መጽሐፉን ስትዘጉ ያንን ልጅ አስቡት።

ሌሎቹን ኮርሶች በየተራቸው ታገኟቸዋላችሁ። ስለ አንጎል ስትማሩ ሄንሪ ሞሌይሰን የሚባል አሜሪካዊ ይገጥማችኋል። በ1953 እ.ኤ.አ. የሚጥል በሽታውን ለማስታገስ ከአንጎሉ ግራና ቀኝ የተወሰነ ክፍል ተቆርጦ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ትዝታ መያዝ አቃተው። ብሬንዳ ሚልነር የተባለች ተመራማሪ እጁን በመስታወት ብቻ እያየ ኮከብ እንዲስል አደረገችው። በየቀኑ ነገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራው ይመስለው ነበር፤ እጁ ግን ከቀን ወደ ቀን እየተካነ ሄደ። አእምሮው የረሳውን እጁ ያዘው። ትዝታ አንድ ዓይነት ብቻ አለመሆኑን ዓለም ከዚህ ሰው ተማረ።

በማኅበራዊ ሥነ ልቦና ደግሞ ስታንሊ ሚልግራም በ1961 እ.ኤ.አ. በዬል ዩኒቨርሲቲ የጀመረውን ሙከራ ታጠናላችሁ። በጣም በሚታወቀው ዙር ከ40 ወንዶች 26ቱ፣ ግራጫ የሥራ ጋዋን የለበሰ ሰው «ቀጥል» ስላላቸው ብቻ፣ ሌላውን ሰው በኤሌክትሪክ የሚነዝሩ እየመሰላቸው እስከ 450 ቮልት ደረሱ። ማሽኑ የውሸት ነበር፤ የተሳታፊዎቹ ላብና መንቀጥቀጥ ግን የእውነት ነበር። እናንተ ዛሬ መጠይቅ ለመበተን እንኳ የሰዉን ፈቃድ መጠየቅ ያለባችሁ እንዲህ ካሉ ሙከራዎች በኋላ በተነሳው ክርክር ምክንያት ነው። የፈቃድ ቅጹን እንደ ቢሮ ወረቀት አትቁጠሩት።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። አብኖርማል ሳይኮሎጂ የተማርኩ ሰሞን ምልክቶቹን ሁሉ በቃሌ አውቃቸው ነበር። አክስቴ ያን ዓመት ጉልበት አጥታ፣ እንቅልፍ እያበዛች፣ ከሰው ርቃ አገኘኋት። ድብርት ነው አልኳት። ቤተሰቡም ተማረ የተባለውን ልጅ አመነ። አብሬያት እየተቀመጥኩ፣ እያጽናናሁ፣ ውጪ ውጪ እንድትል እያስገደድኩ ስምንት ወር ሄደ። ብርድ አልለቃት ማለቱን፣ ፊቷ ማበጡን፣ ድምፅዋ መጎርነኑን አይቻለሁ፤ ከደብተሬ ውስጥ ስላልነበረ ዘለልኩት። በመጨረሻ ሐኪም ቤት ተወስዳ ደሟ ሲመረመር የታይሮይድ ዕጢዋ መሥራት ያለበትን ያህል እንደማይሠራ ታወቀ። በየቀኑ በምትውጠው ኪኒን ቀስ በቀስ ወደ ራሷ ተመለሰች። ይቅር ብላኛለች። ያ ስምንት ወር ግን የእኔ ዕዳ ነው።

ስለዚህ ምዕራፉን ባነበባችሁ ማግስት ለእናታችሁ፣ ለፍቅረኛችሁ፣ ለዶርም ጓደኛችሁ የበሽታ ስም አታውጡ። ለራሳችሁም አታውጡ፤ ያን ሰሞን ሁሉም ምልክት የእናንተ ይመስላችኋልና። ሳይካትሪስት የሕክምና ዶክተር ነው፤ መርምሮ መድኃኒት ያዛል። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ለመሆን ደግሞ ከመጀመሪያው ዲግሪ በላይ መማርና በባለሙያ ሥር ሆኖ መለማመድ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ዲግሪ የትምህርት ቤት፣ የሰው ኃይል አስተዳደር፣ የሕፃናት ድጋፍ ድርጅት ሥራ በር ይከፍትላችኋል። ሰው የማከም ፈቃድ ግን አይሰጣችሁም።

የአእምሮ መለኪያዎችን ስትማሩ አንድ ጥናት ፈልጋችሁ አንብቡ። ሮበርት ሰርፔል በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የዛምቢያና የእንግሊዝ ሕፃናት የታየን ቅርጽ መልሰው እንዲሠሩ አደረገ። በወረቀትና በእርሳስ የእንግሊዞቹ በለጡ። በሽቦ ሲሆን የዛምቢያዎቹ በለጡ፤ ምክንያቱም እዚያ ልጆች ከሽቦ መኪና እየሠሩ ነው የሚያድጉት። በሸክላ ሲሆን እኩል ሆኑ። እስቲ አስቡት፤ ፈተናው የወረቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ ስለ ዛምቢያ ልጆች ምን ተብሎ ይጻፍ ነበር? የሽቦ መኪና እየነዳ ያደገ ልጅ ከእናንተም መካከል አለ። በመማሪያ መጽሐፋችሁ «ሰው» ተብሎ የተጻፈው ብዙውን ጊዜ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። መጽሐፉን ንቁት ማለቴ አይደለም፤ የተጠናው ማን ነው ብላችሁ ጠይቁት ማለቴ ነው። የእናትና የልጅን ትስስር ያጠናችው ሜሪ ኤንስወርዝ ሥራዋን የጀመረችው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በኡጋንዳ መንደሮች ቤት ለቤት እየዞረች፣ 26 ቤተሰቦችን እየጎበኘች ነበር። ሌላ አገር የሚጠቀስ ዕውቀት ከእኛ ጓሮ ሊወጣ እንደሚችል ይህ ምስክር ነው።

እናንተም በመጨረሻው ዓመት የመመረቂያ ጥናት ትሠራላችሁ። አብዛኞቻችሁ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ መጠይቅ አውርዳችሁ፣ በአንድ ሌሊት ወደ አማርኛ መልሳችሁ ትበትናላችሁ። ስለ ድብርት ትጠይቁ ይሆናል። ወጣቱ «ደበረኝ» ሲል ሰለቸኝ ማለቱ ነው። አያቱ ግን ድብርት የሚባለውን ሕመም በዚያ ቃል አይጠሩትም፤ «ሆድ ይብሰኛል»፣ «ልቤን ያፍነኛል»፣ «ውስጤ ይቃጠላል» ይላሉ። ሁለቱም ለአንድ ጥያቄ «አዎ» ብለው ይመልሳሉ፤ የመለሱት ግን አንድ ነገር አይደለም። ቁጥሩ ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ በኋላ ይህን ልዩነት የሚነግራችሁ ቀመር የለም።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ አንድ ነገር አለ። መጠይቁን ወደ ኮፒ ቤት ከመውሰዳችሁ በፊት ለእናታችሁ ወይም ለአያታችሁ አንድ በአንድ አንብቡላቸው። ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ ምን ተረዱ ብላችሁ ጠይቁ፤ እነሱ ባሉት ቃል መልሳችሁ ጻፉት።