ዝም ብሎ ስለ መሸጥ

ቤት የሚሸጥ ሰው የቤቱን እንከን ገዢው ሳይጠይቀው የመናገር ግዴታ አለበትን? ወይስ አለመዋሸቱ ብቻ ይበቃዋል? ይህ ቪላና ፎቅ ላላቸው ሰዎች እንጂ ለእኛ ለስደተኞች ምን ይፈይዳል የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን እዚህ በካኩማም ቤት እንደሚሸጥ ሁላችንም እናውቃለን። የሪሴትልመንት ቀኑ የደረሰለት ሰው የጭቃ ቤቱን ከነቆርቆሮው፣ ከነበሩና ከነአጥሩ ለአዲስ መጤ አስረክቦ ጥቂት ሽልንግ ይዞ ይሄዳል። መሬቱ የእኛ አይደለም፤ መጠለያውም ልንኖርበት እንጂ ልንሸጠው አልተሰጠንም። ስለዚህ በዚህ ሽያጭ መካከል ዳኛ የለም። ያለው አንድ የስምምነት ወረቀት፣ ሁለት እማኞችና የሰው ኅሊና ነው። ጥያቄውም በዚህ ምክንያት ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት የሮማው ተናጋሪና የሕግ ሰው ሲሴሮ፣ በአቴና ይማር ለነበረው ልጁ ስለ ሰው ግዴታዎች አንድ መጽሐፍ ጽፎለት ነበር። በዚያ ውስጥ ያለው ምሳሌ ለእኛ የተጻፈ ይመስላል። አንድ ሰው ቤቱን ይሸጣል። ቤቱ ደኅና ነው ተብሎ ይታመናል፤ ግን አይደለም። በየመኝታ ክፍሉ እባብ ይወጣል፣ እንጨቱም ክፉ ስለ ሆነ ሊወድቅ ተቃርቧል። ይህን ከባለቤቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ሳይናገር ቢሸጠውና ካሰበው በላይ ዋጋ ቢያገኝበት በደል ሠራ ይባላልን?

በዚህ ላይ ሁለት የስቶይክ ፈላስፎች፣ የባቢሎኑ ዲዮጋንስና ደቀ መዝሙሩ የጠርሴሱ አንቲጳጥሮስ፣ ሳይስማሙ ቀርተዋል። አንቲጳጥሮስ በአቴና መንገድ ለጠፋው ሰው መንገዱን አለማሳየት እርግማን የሚያስከትል ነውር መሆኑን አንሥቶ፣ ገዢን እያወቁ ወደ ስሕተት መንዳት ከዚያም የባሰ ነው ይላል። ዲዮጋንስ ደግሞ ገዢው እንዲገዛ ማን አስገደደው ይላል። ሻጩ የማይወደውን ሸጠ፤ ገዢው የወደደውን ገዛ። የገዛ ዕቃን ነውር መናገር ግዴታ ከሆነ፣ ለፋፊ አቁሞ የበሽታ ቤት የሚገዛ እያሉ ማስለፈፍ ሊመጣ ነው ሲል ይሟገታል።

የዲዮጋንስ ነገር የሚናቅ አይደለም። ሁሉም ይነገር ከተባለ መቆሚያ የለውምና። ጎረቤቱ ሌሊት ያስላል፤ የወዲያኛው ቤት ፍየል አጥር ትዘላለች፤ ይህም ይነገር ሊባል ነው? ነገር ግን ሲሴሮ ራሱ ፍርዱን ሲሰጥ አንድ ነገር ለይቷል፤ እኛም በዚህ ከእርሱ ጋር ነን። ዝም ያለ ሁሉ ደበቀ አይባልም። መደበቅ የሚባለው፣ ማወቅ የሚጠቅመው ሰው እንዳያውቅ ለራስ ጥቅም ሲሉ መፈለግ ነው። የታራች ወንዝ ሞልቶ የገባበት ቤት ግድግዳ ላይ የውሃው ምልክት ይቀራል። ገዢ ሊመጣ ሲል ያን ምልክት በአዲስ ጭቃ የለቀለቀ ሰው አፉ ዝም ቢልም እጁ ዋሽቷል።

ሲሴሮ ከምሳሌው ሌላ በእውነት የተፈረደ ነገርም ያነሣል። በሮማ ከተማ በኬልዮስ ኮረብታ ላይ ቤት የነበረው ቀላውዴዎስ ቀንቱማሎስ የሚባል ሰው፣ ከወፎች በረራ ፈቃደ አማልክትን የሚያነቡት ካህናት ቤቱ እይታ ስለ ከለከላቸው ከፍታው እንዲፈርስ አዘዙት። እርሱ ግን ትእዛዙን ደብቆ ቤቱን ለካልፑርንዮስ ላናርዮስ ሸጠው። ገዢው ተመሳሳይ ትእዛዝ ደረሰውና አፈረሰ፤ ኋላ ግን ሻጩ ቤቱን ለሽያጭ ያወጣው ከታዘዘ በኋላ መሆኑን ደርሶበት ከሰሰ። ዳኛው ማርቆስ ካቶ፣ ሻጩ እያወቀ አልተናገረምና ጉዳቱን ይክፈል ሲል ፈረደ። በዚህ ቤት ግንቡ አልተሰነጠቀም፣ ጣራውም አላፈሰሰም። እንከኑ ሻጩ ያወቀው ወሬ ብቻ ነበር። መንገድ ሊወጣበት ነው፣ ይነሣል የተባለ ቤት ያላቸው ሰዎች ይህን ፍርድ ልብ ቢሉት መልካም ነው።

በአገራችንም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ነገር ከእንከን የጠራ መሆኑን እንዲያረጋግጥ ያስገድደዋል። ገዢው አስቀድሞ ላወቀው ጉድለት ግን ሻጩን መጠየቅ አይችልም፤ የተረከበውንም ጊዜ ሳያጠፋ መርምሮ ጉድለት ካገኘ ማስታወቅ አለበት። ከሁሉ የሚደንቀን ግን ስለ ዝምታ የተጻፈው ነው። ልዩ መተማመን ባስተሳሰራቸው ሰዎች መካከል ከሆነ፣ በዝምታ የሌላውን አሳብ ማሳሳት ውል ሊያስፈርስ ይችላል። እንግዲህ በአንድ ቧንቧ የሚቀዱ፣ ቡና የሚጠራሩ፣ ሬሳ አብረው የሚቀብሩ ሰዎች ልዩ መተማመን ከሌላቸው ማን ሊኖረው ነው?

ገዢውስ ዐይን የለውምን? አለው፤ ሊጠቀምበትም ይገባል። ምሰሶውን በጣቱ አንኳኩቶ ድምፁን ይስማ፤ ምስጥ የበላው እንጨት ባዶ ቅል ይመስላል። በቀን በሩን ዘግቶ ወደ ቆርቆሮው ቀና ይበል፤ የተበሳው ሁሉ እንደ ኮከብ ይታየዋል። ምንጣፉን ገልጦ ወለሉን ይይ፤ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ምን ያህል እንደ ቀረው ይጠይቅ። በሰለጠኑት አገሮች ለዚህ ሥራ ባለሙያ ይቀጠራል። በአሜሪካ በብዙዎቹ ክፍላተ ሀገር ደግሞ ሻጩ የሚያውቀውን ጉድለት በጽሑፍ ሞልቶ እንዲሰጥ ሕግ ያዘዋል።

ሆኖም ምርመራ የማይደርስበት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 በኒውዮርክ የታየ ቀልድ የሚመስል ጉዳይ ይህን ያሳያል። ናያክ በምትባል መንደር ያለች አንዲት ሴት ቤቷ መንፈስ የሚመላለስበት መሆኑን በጋዜጣ ስታስወራ ኖራ፣ ለማያውቅ የሩቅ ሰው ሳትነግረው ሸጠችለት። የዚያ አገር ሕግ ገዢ ራሱ ይጠንቀቅ የሚል ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን፣ ወሬውን ያስፋፋችው ራሷ ናት፣ የቱንም ያህል ጠንቃቃ ገዢ ቢመረምር መንፈስ ሊያገኝ አይችልም ሲል ገዢውን ከውሉ አወጣው። መንፈስ መኖር አለመኖሩን ለየሃይማኖቱ እንተወው። እኛ የምንወስደው፣ የሻጩ ግዴታ የሚከብደው የገዢው ዐይን በማይደርስበት ላይ መሆኑን ነው። (ሰው የሞተበት ቤትስ ይነገር ወይ የሚሉ አሉ። የጠየቀ ይነገረው፤ ያልጠየቀን ግን አናስጨንቀው። በስደት ሰፈር ሰው ያልሞተበት ቤት ፍለጋ ከተጀመረማ ሁላችንም ውጭ ማደራችን ነው።)

ከሁሉ የሚያስቸግረው መልስ ግን ከፈላስፎች የመጣ አይደለም። «እኔም ስገዛው ማንም አልነገረኝም፤ የተታለልሁበትን ለማን ላውርሰው? ለመንገዴ የቀረኝ ይህ ብቻ ነው» የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው ክፉ አይደለም፤ ድሃ ነው፤ በእርግጥም ተበድሏል። ነገር ግን የበደለው ሰው አውስትራሊያ ወይም ካናዳ ገብቷል። አሁን የሚከፍለው ትናንት ከድንበር የመጣች፣ ሁለት ልጆች የያዘች፣ የክረምቱን ጎርፍ ያላየች ሴት ናት። እዳ ከአበዳሪው ካልተከፈለ ከመንገደኛ ይወሰዳል የሚል ፍርድ ከየትም አልሰማንም።

ስለ ጎረቤትም አንድ ነገር እንበል፤ ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ነውና። ሻጩ ይሄዳል፤ ከገዢዋ ጋር የሚቀሩት ጎረቤቶች ናቸው። እነርሱም ምስጡንም ጎርፉንም ያውቃሉ። ወንድማችን በሰላም ይሂድ፣ ገበያውን አናበላሽበት ብለው ዝም ይላሉ። ይህ ደግነት ነው፤ ግን ለሚሄደው ብቻ የተደረገ ደግነት ነው። ጎረቤት ሳይጠየቅ በሰው ገበያ ይግባ አንልም። ሲጠየቅ ግን «እኔ ምን አውቃለሁ» ማለት አይገባውም። እንከኑን እያወቀ፣ ሳይነገር ሲቀርም እያየ፣ እማኝ ሆኖ የፈረመ ሰው ከሽያጩ ውጭ ነኝ ሊል አይችልም።

ሽማግሌዎቻችን የሚያጽፉት የስምምነት ወረቀት የሻጭንና የገዢን ስም፣ ዋጋውን፣ የቆርቆሮውን ብዛት፣ ቀኑንና የእማኞቹን ፊርማ ይይዛል። ከዋጋው በላይ ሻጩ ስለ ቤቱ የሚያውቀው ጉድለት የሚጻፍበት አንድ መስመር ቢጨመር፣ እርሱም በእማኞቹ ፊት ጮክ ተብሎ ቢነበብ እንላለን። ጉድለቱ ከተጻፈ በኋላ ዋጋ ይነጋገሩ፤ ምሰሶ ለመቀየር የሚያስፈልገው ይቀነስ፤ ሻጩም ቀሪውን ይዞ አውቶቡሱን ይሳፈር።