መሪን ስለ ማድነቅ

ሰው የሚያደንቀውን እየመሰለ ይሄዳል። ሕፃን የአባቱን አረማመድ አይቶ ይራመዳል፤ ደቀ መዝሙርም የመምህሩን ዜማ ሲቀጽል ሳያውቀው ሳሉን እንኳ ይወርሳል። ስለዚህ ማንን ላድንቅ ብሎ መጠየቅ የሥራ ፈት ጥያቄ አይደለም። ይልቁንም ለካህን ነገሩ ከባድ ነው፤ ካህን ብቻውን አያደንቅምና። እሱ ያመሰገነውን የንስሐ ልጆቹ ያመሰግናሉ፤ እሱ ያቃለለውን እነሱ ይንቃሉ።

ይህን ጥያቄ በአገር ምሳሌ ለመመርመር ወደ በጌምድር ምሥራቅ፥ ወደ ጋይንት፥ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ መመልከት ይጠቅማል። በዚያ አገር ያለ የገጠር ቄስ በዶሮ ጩኸት ተነሥቶ ኪዳን ያደርሳል፤ ስንክሳር ሲነበብ የዕለቱን ቅዱስ ዜና ይሰማል፤ ሲነጋም እንደ ጎረቤቱ ሁሉ በሬውን ጠምዶ ያርሳል። የተጣላ ቢኖር ያስታርቃል፤ የታመመ ቢኖር ይጠይቃል፤ የሞተ ቢኖር ይፈታል። ማታም ዳዊቱን ደግሞ ይተኛል። እንዲህ ባለው ኑሮ ውስጥ ዕለቱ ከዕለቱ ስለማይለይ፥ ድካሙ ሲበረታበት አሳቡ ወደ ታላላቆች መሄዱ አይቀርም። እነሱ አገር አቀኑ፤ እኔ ግን ምን ሠራሁ ብሎ ቢተክዝ አይፈረድበትም።

ከእነዚያ ታላላቆች መካከል በአካባቢው ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዘውድ ጭነው በመሳፍንት የተከፋፈለውን አገር አንድ ለማድረግ ተነሡ። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አስጎትተው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጓዙ፥ በዚያ ገደልና ዳገት በበዛበት አገር ንጉሠ ነገሥቱ በእጃቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ይሠሩ ነበር። ይህን ትጋት ሰምቶ የማይደነቅ ልብ የለም።

ዳሩ ግን ያው ንጉሥ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን 2 ቄሶችና 3 ዲያቆናት ይበቃሉ ብለው የቀረውን ርስት ሊወስዱ ከካህናቱ ጋራ ተጣሉ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ከነአድባራቷ አቃጠሉ። የበጌምድርም ሕዝብ በመጨረሻ ዘመናቸው ብዙ መከራ ተቀበለ። እንግዲህ ቄሱ የትኛውን ቴዎድሮስ ያድንቅ? መንገድ የሠሩትን ነው ወይስ ቤተ መቅደስ ያቃጠሉትን? ሁለቱ ሁለት ሰዎች ቢሆኑ ፍርዱ በቀለለ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ሰው ናቸው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚጠቁመው የመጻሕፍታቸው ነገር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መጽሐፍ ይወድዱ ነበር። በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ታላቅ ቤተ መጻሕፍት ለማቆም አስበው ከጎንደር አድባራት ብዙ የብራና መጻሕፍት አስወስደው በአንድ አምባ ላይ አከማቹ። አሳቡ መልካም ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ በትንሣኤ ማግስት፥ አምባው በእንግሊዝ ጦር ሲያዝ ግን የአንድ ሰው ሕይወትና የብዙ አድባራት ሀብት በአንድ ቀን አብሮ ጠፋ። 350 ያህል መጻሕፍት ወደ ሎንዶን ተሻግረው እስከ ዛሬ በዚያ ይገኛሉ። የዘረፈውን መውቀስ ተገቢ ነው። ሆኖም ነገሩን ያስተዋለ ሰው አንድ ሌላ ትምህርት ያገኛል፤ በአንድ እጅ ብቻ የተያዘ በጎ ነገር ሁሉ ያ እጅ በወደቀ ቀን አብሮ ይወድቃል።

ሁለተኛው ምሳሌ የራስ ጉግሣ ወሌ ነው። እኒህ የበጌምድር ገዥ በሃይማኖታቸውና በመጽሐፍ ወዳድነታቸው የተመሰገኑ ነበሩ። ከመንግሥቱ አልጋ ወራሽ ጋራ ተጣልተው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንጭም ጦርነት ወደቁ። ከውጊያው በፊት የቤተ ክርስቲያን አባቶች የውግዘት ቃል የተጻፈበት ወረቀት ከአውሮፕላን ተበትኖ ነበር። በዚያ ዘመን በገጠር ፊደል የሚያውቀው አብዛኛው የቤተ ክህነት ሰው ነውና፥ ወረቀቱን አንሥቶ ለጭፍራው ማንበብ የካህን ዕጣ ነበር። እስቲ የዚያን ካህን ልብ አስቡት። የሚያነብበው ቃል ትናንት በማዕዱ የበላለትን፥ በቅዳሴም ስሙን ያነሣለትን ጌታ የሚያወግዝ ነው። ጌታውን ሙሉ በሙሉ ያመልክ ከነበረ ወረቀቱን ይቀድደዋል፤ ወይም አጣምሞ ያነብበዋል። ከፈራም ትናንት ያመሰገነውን ዛሬ ይረግመዋል። በጌታው ውስጥ ያለውን በጎነት ያደንቅ የነበረ ካህን ግን ሁለቱንም አያደርግም፤ የተጻፈውን እንደ ተጻፈ አንብቦ፥ የወደደውንም ሰው እያዘነለት ለመጸለይ ይችላል። ከዚህ እንደሚታየው ማድነቅ ማለት ማንበብ ነው። መልካም አንባቢ የመጽሐፉ ጽሕፈት ስላማረው ግድፈቱን አይሸፍንም፤ ግድፈት ስላገኘበትም ብራናውን ወደ እሳት አይጥልም።

አሁን ደግሞ በዚያው አገር ድምፃቸው ወደ ተሰወረው መሪዎች እንመለስ። በጋይንት ያለችው ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። በ1940ዎቹ መጨረሻ ዓመታት አንድ እንግሊዛዊ መንገደኛ ወደዚያ ደርሶ፥ ከውጭ እንደ ማንኛውም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ የሆነ የሣር ክዳን አየ፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ከጥርብ ድንጋይ የተሠራ የጥንት ቤተ ክርስቲያን ተሸፍኖ አገኘ። የአገሩ ትምህርትም እንዲሁ ነው። ከውጭ የሚታየው ደበሎ የለበሰና አኮፋዳ ያንጠለጠለ፥ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ከውሻ ጋራ የሚታገል ተማሪ ነው፤ በውስጡ ያለው ግን የቅዱስ ያሬድ ድርሰት ነው። ያ ተማሪ ድጓውን በቃሉ ሲያጠና፥ በእጁ ሲጽፍና ሲያሳርም ዓመታት ያልፋሉ። ሲመሰክር መጽሐፉም ዜማውም የእሱ ይሆናል፤ ከመምህሩ ግን አንዲት ቅጠል አልጎደለችም።

የድጓው ምልክት ራሱ ስለ መሪነት ያስተምራል። በሊቃውንቱ ትውፊት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩት የሚነገርለት ይህ ምልክት ከፊደሉ በላይ የሚቀመጥ ትንሽ ነገር ነው። ድምፁን ያነሣል፤ ይጥላል፤ ያጥፋል። ፊደሉን ግን አይሽርም፤ በፊደሉም ቦታ አይቀመጥም። መሪም በሕዝብ ላይ ሲሾም እንደዚሁ ሊሆን ይገባዋል።

በጋይንት ዙር አምባም ዝማሬና መዋሥዕት ይመሰከራል፤ በእስቴ ያለው የቆማ ፋሲለደስም በዜማው ስም አለው። በአጠገባቸው በፎገራ የተወለዱት አለቃ ገብረ ሐና ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው። ነገር ግን ቀልዱ ያስቃል እንጂ የሚያገለግለው ሌላው ሥራቸው ነው። የፈጠሩት አቋቋም በልጃቸው በተክሌ አስተማሪነት ተስፋፍቶ ዛሬ የተክሌ አቋቋም ይባላል። ሥራው በሌላ ሰው ስም ሲጠራ የጠፋበት የመሰለው ይኖራል፤ ለመምህር ግን ከዚህ የሚበልጥ ዋጋ የለም።

በዚህ ላይ ተቃዋሚ ሊነሣ ይችላል። ነገሥታቱ ጉልት ባይሰጡ፥ ድንበሩን ባይጠብቁ ኖሮ መምህሩ የት ተቀምጦ ያስተምር ነበር? መምህሩን አመስግኖ ንጉሡን ማቃለል ውለታ መርሳት አይደለምን? ተቃውሞው እውነት አለው። ቆማ ፋሲለደስን የተከሉት የዐፄ ሱስንዮስ ሚስት እቴጌ ወልድ ሠዓላ እንደ ሆኑ ይነገራል። እሳቸው የቤተ መንግሥት ሰው ነበሩ፤ የሠሩት ግን የመምህር ሥራ ነው፤ ለሌላው የሚተርፍ ነገር ተከሉ። በአንጻሩ ምሥጢሩን ሰስቶ ለደቀ መዝሙሩ ሳያካፍል የሚሞት መምህርም አይታጣም። እሱ ያለ መድፍና ያለ ጦር መቅደላን በልቡ የሠራ ነው። እንግዲህ መለያው ዘውድና ደበሎ አይደለም። መሪውን የሚፈርድበት በሌላው እጅ ያስቀረው ነገር ነው።

ይህ ከታወቀ ቄሱ በመጀመሪያ ወደ ተከዘበት ነገር መመለስ ይቻላል። እኔ ምን ሠራሁ ያለው ሰው እሱም መሪ መሆኑን ረስቶታል። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በእጁ ነው። መጻሕፍቱን ከሌባና ከአይጥ መጠበቅ ግዴታው ነው፤ ነገር ግን ቁልፉን አጥብቆ የሚያነብብ ልጅ ሳያሳድግ ቢሞት፥ ደብሩ ሳይዘረፍ ተዘረፈ ማለት ነው። ብራናው በሣጥኑ ውስጥ ይኖራል፤ ድምፁ ግን የለም። ይህ አደጋ ከሩቅ የመጣ ጦርን አይጠብቅም፤ በሰላም ዘመን፥ በዝምታ ይደርሳል። ዛሬ ልጆች ለአስኳላ ወደ ከተማ በሚሄዱበት ጊዜ ደግሞ ይልቁን ቅርብ ነው።

ስለዚህ ለዚያ ቄስ ከምድጃ ዳር የሚሰማው የጀግና ወሬ አይከልከልበት። የቴዎድሮስን ትጋት ያድንቅ፤ ነገ ጧት በኪዳን ሰዓት ላለመስነፍ ይጠቅመዋል። የራስ ጉግሣን የመጽሐፍ ፍቅር ያድንቅ፤ አቧራ የጠጣውን ብራና ያስከፍተዋል። ጥፋታቸውንም አይሸሽግ። በስማዳ ቆላ እህል ባጠረበት ዓመት ለቆሎ ተማሪ ከእንጀራዋ ግማሹን የቆረሰችውን ባልቴትም ከአድናቂዎቹ መጽሐፍ አይዝለላት፤ ስሟ በታሪክ ባይጻፍም ድጓው እዚህ የደረሰው በእሷ እጅ ጭምር ነውና።

በመጨረሻም በዙር አምባ የሚመሰከረው መዋሥዕት ለሙታን የሚደርስ መሆኑን ያስታውስ። ዜማው ለንጉሥም ለባላገርም አንድ ነው። በሞቱ ቀን ያን ዜማ የሚያደርስለት ልጅ ከራሱ ጉባኤ ወጥቶ ከሆነ፥ ቄሱ ሥራ መሥራቱን በዚያ ይወቁለታል።